ለአንዲት ሲስተር ምስጋና፤ ስኳር አለባችሁ ለተባላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ስኳር አለብህ ከተባልኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይህን ጽሁፍ ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ግን ውጤቱ እንዳይገለበጥብኝ ፈርቼ ሁለተኛውን ምርመራ ልይ ብዬ ቆየሁ። አሁን አይቻለሁና እመሰክራለሁ።

መጀመሪያ የታከምኩበትን ቦታ ስሙን አልጠራም። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል «ስኳር ነው። ዳቦ የለም፣ ሩዝ የለም፣ ድንች የለም፣ ፍራፍሬ የለም» ብሎ ክኒን አዘዘልኝና ቀጣዩን ተራ ጠራ። ታዲያ ምን ልብላ ብዬ ብጠይቀው «ወረቀቱ ላይ አለ» አለኝ። ወረቀቱ ላይ የነበረው የማይበላው ብቻ ነው። እናቴ በዚሁ በሽታ ዓይኗን አጥታ ነው ያረፈችው። ከዚያ ክፍል ስወጣ የታየኝ እሷ ግድግዳውን እየዳበሰች ስትሄድ ነው። ይህን ልናገር ብልስ ማን ይሰማኛል?

ቤት ገብቼ ሁሉንም ተውኩ። ለእኔ ብቻ ትንሽ ድስት ተለየች፤ የተቀቀለ ቅጠል፣ ያለ ጨው፣ ያለ ዘይት። ሌሎቹ ሲበሉ ላለማየት መኝታ ቤት ገብቼ ብቻዬን እበላ ነበር። በሁለት ወር ልብሴ ሰፋብኝ፣ አቅም አጣሁ። ሌሊት ግን ረሃቡ ያነቃኝና ጨለማ ውስጥ ቆሜ ያገኘሁትን ዳቦ እጎርሳለሁ። ጠዋት ስለካ ቁጥሩ ያው ነው። በዚህ ላይ አንድ ሰው ዱቄት ሸጠልኝ። «በውሃ በጥብጠህ ጠጣ፣ ክኒኑን ተወው፣ ከሥሩ ይነቅለዋል» አለኝ፣ አመንኩት። በሦስተኛው ሳምንት አፌ ደርቆ፣ ዓይኔ ብዥ እያለ፣ ሽንት ቤት ስመላለስ ውዬ ብለካው 347። ብደውልለት ስልኩን አላነሳም። እባካችሁ፣ መድኃኒታችሁን ጣሉ የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ማንም ይሁን።

ሌላ ጤና ተቋም እየጎተተች የወሰደችኝ ልጄ ናት። ዶክተሩ መድኃኒቱን መልሶ አስጀመረኝና «ከመሄድዎ በፊት የምግብ ምክር የምትሰጠውን ሲስተር ያግኟት» አለኝ። ሌላ የክልከላ ወረቀት ነው ብዬ ልቀር ነበር። ተመስገን፣ ገባሁ።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አባቴ፣ ምን መብላት ይወዳሉ?» ብላ ነው። ከታመምኩ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ የስኳር ደብተሬን ተቀበለችኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ደብተሩ ላይ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ልክ አልነበሩም። 240 ያለውን 140 ብዬ ነበር የምጽፈው፣ ቁጣ ፈርቼ። መለኪያው ለካ የለካውን ሁሉ ያስቀምጣል፤ ከፍታ ስታየው ሁለቱ አልገጠሙም። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣለች። አንገቴን ደፋሁ።

ሲስተር ደብተሩን ዘጋችው። «ይሄ ፈተና አይደለም አባቴ፣ ማርክ የሚሰጥዎት የለም። የትኛው ምግብ እንደሚያስቸግርዎት እንዲነግረን ብቻ ነው የምንፈልገው» አለችኝ። ከዚያ ለራሷ አዲስ መርፌ አወጣችና የራሷን ጣት ወጋች። ከምሳ መመለሷ ነበር። 138 አለ። «አዩ፣ የእኔም ወጥቷል። ከበላ በኋላ የማይወጣበት ሰው የለም። የእኔ ቶሎ ይመለሳል፣ የእርስዎ ይቆያል። ሥራችን ብዙ እንዳይወጣ ማድረግ ነው።» ጣቷን በጥጥ ስትጠርግ እያየሁ እንባዬ መጣ። ስንት ጊዜ ጣቴን ሌላ ሰው ወግቶታል፤ ከእኔ ጋር የተወጋ ግን አላየሁም።

ስለ ጉበትና ስለ ሆርሞን ያስረዳችኝ ብዙ ነው፣ ሁሉም አልገባኝም። የገባኝ ሰሃኑ ነው። ባዶ ሰሃን ፊቴ አስቀምጣ በጣቷ ከፈለችው፦ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ እንቁላል ወይም ሥጋ ወይም ጥራጥሬ፣ የቀረው ሩብ ዳቦ ወይም ሩዝ ወይም ድንች። ዳቦ ሐራም አይደለም፣ ብቻውን አይብሉት፣ ቦታውን አያስፋ አለችኝ። ጠዋት ጠዋት የብርቱካን ጭማቂ እንደምጠጣ፣ ስኳር እንደማልጨምርበት በኩራት ነገርኳት። «ስንት ብርቱካን ይገባበታል?» አለችኝ። አምስት አልኳት። «አምስት ብርቱካን ልጠው በአንድ ጊዜ ይበላሉ?» ዝም አልኩ። አንዱን ብርቱካን ከነሥጋው ብላ፣ ጭማቂውን ተው ማለቷ ነው። በነጋታው ራሴ ሞከርኩት፤ ዳቦ በጭማቂ በልቼ ከሁለት ሰዓት በኋላ 261፣ በሌላው ቀን የዳቦውን ግማሽ ከእንቁላልና ከአትክልት ጋር በልቼ ትንሽ በእግሬ ተራምጄ 168። ከዚያ ወዲህ በደብተሩ ላይ የውሸት ቁጥር ጽፌ አላውቅም።

አንድ ነገር ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ። ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣ ቶሎ ለካ፣ ከ70 በታች ከሆነ ያን ጊዜ ስኳር መውሰድ ግዴታ ነው። ኢንሱሊን የምትወጉ ደግሞ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ምግብ በአንዴ እንዳትቀንሱ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ባለቤቴን ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ። ሲስተር ስለተለየችው ድስት ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «እናቴ፣ ይህችን ድስት ያንሷት። ለእሳቸው የሚሆነው ምግብ ለሁላችሁም ጥሩ ነው፣ አብራችሁ ብሉ» አለቻት። ባለቤቴ እዚያው አለቀሰች። ለካ እሷም እኔን ነጥላ ማብላቱ ሲያንገበግባት ኖሯል። ያን ማታ ከስንት ጊዜ በኋላ ከቤተሰቤ ጋር ተቀምጬ በላሁ። የልጅ ልጄ ከሰሃኔ አትክልት እያነሳች ስትበላ ማንም አልከለከላትም።

የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ስጀምር 10.4 ነበር። በሦስት ወሩ 7.1 ሆነ፣ ባለፈው ደግሞ 6.6። ክኒኑን አልተውኩም፤ መጠኑን የቀነሰው ዶክተሩ ነው።

ሲስተር፣ ስሜን አትጥሩ ስላልሽኝ አልጠራሁም። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ያቺን የደም ጠብታሽን መቼም አልረሳትም።

አዲስ የተነገራችሁ ወገኖቼ፣ የምትታከሙበት ቦታ የምግብ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ እንዳለ ጠይቁ፣ የለም ካሏችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ክኒን ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። እኔ የሄድኩበትን ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ያለችበትን እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ ምግብ የሚያበስልላችሁን ሰው አስከትሉ፤ ደብተራችሁንም እንዳለ ያዙ፣ 240 ካለ 240 ብላችሁ።