ለሊሴ ወላጆች፦ የግራን ኦራል አስጠኚ ለምትፈልጉ፣ ለጋሼም ምስጋና

ጋሼ ስማቸው እንዳይጻፍ አጥብቀው ስለለመኑን አንጽፍም። አዲስ አበባ ባለው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት፣ ሊሴ ገብረ ማርያም፣ ልጅ ያላችሁ ግን ትንሽ እንዳነበባችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ልጆቹ «ሙሴ» ይሏቸዋል፤ እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ጡረታ የወጡ የፈረንሳይኛ መምህር ናቸው። ዘንድሮ አራት የተርሚናል (የመጨረሻው ክፍል) ልጆችን ለግራን ኦራል (የትምህርት ቤት መልቀቂያው የባካሎሬያ የቃል ፈተና)፣ ሁለት የትሯዚዬም (የ9ኛ ክፍል) ልጆችን ደግሞ የዚያ ክፍል ማጠቃለያ ለሆነው ለብረቬው የቃል ፈተና አዘጋጅተውልናል። ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን! ከእርስዎ በፊት የከፈልነው ገንዘብ ያንገበግበናል፤ ለእርስዎ የከፈልነው ግን ትንሽ ሆኖብን እናፍራለን።

መጀመሪያ ስለ ፈተናው፤ ብዙ ወላጅ የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። የባካሎሬያው ውጤት ከ100 ይሰላል። 40ው የክፍል ውጤት ነው፣ 60ው የመጨረሻ ፈተና። ከ60ው ሁለቱ ስፔሲያሊቴዎች (ተማሪው የመረጣቸው ዋና ትምህርቶች) 16፣ 16 ይይዛሉ፣ ፍልስፍና 8፣ ፕሩሚዬር (ከተርሚናል በፊት ያለው ክፍል) ላይ የሚወሰዱት የፈረንሳይኛ የጽሑፍና የቃል ፈተናዎች 5፣ 5፤ ግራን ኦራል ብቻውን 10። (ከ2027 ጀምሮ ወደ 8 ይወርዳል፤ ሁለቱ ለፕሩሚዬር የሂሳብ ፈተና ይሄዳል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ስለዚህ እስከ 2026 ድረስ የ20 ደቂቃው ንግግር ከአራት ሰዓቱ የፍልስፍና ወረቀት በልጦ ይመዝናል። ተማሪው ሁለት ጥያቄ ይዞ ይገባል። ጥያቄዎቹ የሰፈሩበት ወረቀት ላይ የስፔሲያሊቴ መምህራኑ ፊርማና የትምህርት ቤቱ ማህተም መኖር አለበት። ፈታኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱን ጥያቄ ይመርጣሉ። 20 ደቂቃ መዘጋጃ ይሰጣል፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ቆሞ ገለጻ፣ 10 ደቂቃ ጥያቄና መልስ።

እስከ 2023 ድረስ ግን ገለጻው 5 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ መጨረሻ ላይም ስለ ተማሪው የወደፊት እቅድ 5 ደቂቃ ይወራ ነበር። በ2024 ተቀየረ። ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ማስጠኛ ቤት ይህን አልሰማም! የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ተቀብሎ፣ በሦስት ወር ውስጥ ሦስት አስጠኚ ቀያይሮ፣ ልጆቹን በተሻረው የአምስት ደቂቃ ገለጻ አሰለጠናቸው። የትምህርት ቤቱ መምህራን ለልጆቹ ትክክለኛውን ሲነግሯቸው «እኛ ልምድ አለን» የሚል መልስ መጣ። ሌላው አስጠኚ ደግሞ የተዘጋጀ ጽሑፍ ይሸጥ ነበር። ሦስት ገጽ ጥርት ያለ ፈረንሳይኛ፣ «ሸምድዱት»። ሸመደዱት። የስፔሲያሊቴያቸው መምህር በልምምድ ጊዜ «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ሲሏቸው ሦስቱም ልጆች አንድ ላይ ወለል ወለሉን አዩ። ገንዘባችንን መልሱ ስንል ስልክ ማንሳት ቀረ። ይብቃን፣ ምሬቱን እዚህ ላይ እንተወው።

ወደ ጋሼ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከልጆቹ አንዷ ያን የተገዛ ጽሑፍ ይዛ ቆመች። ፊዚክስ-ኬሚስትሪና ሂሳብ ነው የምትወስደው፤ ርዕሷ «የአየር ግፊትና ከፍታ»። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ጋሼ እጃቸውን አነሱ። አልተቆጡም። ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና «እስቲ ይህን ለሴት አያትሽ በአማርኛ ንገሪያቸው» አሏት። ዝም አለች። ጋሼም ዝም አሉ፤ አላጣደፏትም። ቆይታ «አያቴ ድሬዳዋ ላይ ቶሎ የሚበስለው ንፍሮ አዲስ አበባ ሲዘገይ ያማርራሉ» አለች።

«ለምን ይዘገያል?»

«እዚህ ውሃው ቶሎ ስለሚፈላ።»

«ቶሎ ከፈላ ቶሎ አይበስልም እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ልጅቷን የሚያስቆማት ጠፋ። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ውሃውን የሚጫነው በትንሹ ነው፤ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፣ ከዚያ ወዲያ እሳት ብትጨምርበት ይተናል እንጂ አይሞቅም። ባቄላው የሚቀቀለው በ92 ነው፣ ድሬዳዋ ግን በ96 ገደማ። ግፊት ማብሰያው ድስት ክዳኑ ታስሮ የሚያደርገው ይህንኑ ጫና መመለስ ነው። ይህን ሁሉ በአማርኛ፣ በእጇ እያሳየች። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙና «በይ አሁን እኔ አማርኛ አልችልም» አሏት። ያንኑ በፈረንሳይኛ ያለ ወረቀት ደገመችው። የፈተናዋ ጥያቄ «ንፍሮ አዲስ አበባ ላይ ለምን ይዘገያል?» ሆነ። ግፊቱ ለፊዚክሱ፣ ግፊት በከፍታ የሚቀንስበት ቀመር ለሂሳቡ፤ ሁለቱን ስፔሲያሊቴ በአንድ ጥያቄ ያዘች። ቀመሩን እኛን አትጠይቁን፣ «ኤኳሲዮን ዲፌራንሲየል» ሲባል ሰምተን አጨብጭበናል።

ዘዴያቸው ከዚያ ቀን በኋላ ለሁሉም አንድ ነው። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቤት ላለ ለማንኛውም ሰው። ቀጥሎ በፈረንሳይኛ፣ በስልክ እየተቀዳ። ከዚያ ያለ ወረቀት። በመጨረሻ ጋሼ መሐል እየገቡ እያቋረጡ። ልጁ በአማርኛ ማስረዳት ካቃተው ችግሩ ፈረንሳይኛው አይደለም፤ ነገሩ አልገባውም ማለት ነው። የሚሸመደድ አንድም ነገር አይፈቅዱም፣ ከመክፈቻዋና ከመዝጊያዋ ዓረፍተ ነገር በስተቀር። አሥሩ ደቂቃ በግምት እንዲህ ይከፈላል፦ አንድ ደቂቃ ጥያቄውን ማንሻ፣ አራትና አራት ለሁለት ዋና ሐሳቦች፣ አንድ ደቂቃ መልስ። በመዘጋጃው 20 ደቂቃ የሚጻፈው ወረቀት ይዞ መግባት ይፈቀዳል፣ አይታረምም፤ ስለዚህ ሙሉ ጽሑፍ የሚጽፍበት ልጅ ጊዜውን ያባክናል፣ ሲገባም ዓይኑን ከወረቀቱ ማንሳት ያቅተዋል። የመክፈቻዋን ዓረፍተ ነገር፣ አምስት ስድስት ቁልፍ ቃላትን፣ ቁጥሮችንና ስሞችን ብቻ፣ በትልልቅ ፊደል።

ሌላ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። የእኛ ልጅ ትልቅ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ይሰብራል። ጨዋነት ነው። ፈረንሳዊ ፈታኝ ፊት ግን ያልተዘጋጀ ያስመስላል። «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «እህ» የምንላት ነገርም አለች፤ ለማያውቃት ሰው ልጁ የደነገጠ ይመስለዋል። ጋሼ ልጆቹን ይህን ተዉ አይሏቸውም። «ጠረጴዛው ፊት እስክትወጡ በኪሳችሁ ያዟት» ነው የሚሉት። የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ድምፅ መውደቁን ደግሞ አጥብቀው ይከታተላሉ። የፈተናው ወቅት ከክረምቱ መግቢያ ጋር ስለሚገጥም ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ሆን ብለው ከበረንዳው ሥር አቁመው ያናግሯቸዋል።

ፈታኞቹ የሚመሩበት ሰንጠረዥ አምስት መመዘኛ አለው፦ አነጋገር፣ ሳያቋርጡ የመናገር ጥራት፣ እውቀት፣ ከፈታኝ ጋር የመነጋገር ብቃት፣ የመከራከሪያው አወቃቀር። እውቀት ከአምስቱ አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ከሁለቱ ፈታኞች አንዱ የልጁን ትምህርት ጨርሶ ላያውቀው ይችላል፤ «ለእሱ ንገሩት፣ የሚያውቀው ይሰማል» ይላሉ ጋሼ።

ጥያቄ መምረጥ ላይ ደግሞ እንደሳቸው ያለ አላየንም። ብዙ ልጅ የሚወድቀው ርዕስ ይዞ ስለሚመጣ ነው፤ የተጠየቀው ግን ጥያቄ ነው። ታሪክና ጂኦፖለቲክስ የሚወስደው ልጅ «የጅቡቲ አዲስ አበባ ባቡር ታሪክ» ብሎ መጣ። ይህ በአሥር ደቂቃ አያልቅም፣ ፈታኙም ምን ልታሳየኝ ነው ይላል። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ አሥራ አምስቱ ዓመት የት ሄደ? ልጁ ፈልጎ መጣ። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት መክሰሩን፣ በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ የተፈራረሙትን ውል፣ በ1908 አዲስ ኩባንያ መቋቋሙን አገኘ። ጥያቄው «ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ለምን ቆመ?» ሆነ። ጥያቄ እንዲህ ሲጠብ መልስ አለው።

የብረቬው የቃል ፈተና አጭር ነው፤ ለብቻው ለሚቀርብ ልጅ 5 ደቂቃ ገለጻ፣ 10 ደቂቃ ጥያቄ። የትሯዚዬም ልጆች ስህተት አንድ ዓይነት ነው፦ ምን እንደሠሩ ይተርካሉ፣ ምን እንደተማሩበት አይናገሩም። በፈረንሳይኛ፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ለሚካሄደው «አምባሳደር ኦን ኤርብ» የንግግር ውድድር የሚዘጋጁ ልጆችንም ያግዛሉ፤ አማርኛውም እኩል መሠራት አለበት፣ እቤት የሚነገር አማርኛ ለመድረክ አይበቃም ይላሉ። የካንጉሩን የሂሳብ ውድድር ግን አይነኩትም፣ «እኔን አትጠይቁኝ» ብለው ሳቁ። (እኛው እንንገራችሁ፦ አምስት ምርጫ አለው፣ ስህተት የጥያቄውን ነጥብ ሩብ ይቀንሳል። በዘፈቀደ መገመት በአማካይ ዜሮ ነው፤ ሁለት ምርጫ መሰረዝ የቻለ ልጅ ግን ይገምት።)

ውለታቸው በፈተናው አላበቃም። ፈረንሳይ አገር ለከፍተኛ ትምህርት በሚመለከትበት ድረ ገጽ፣ ፓርኩርሱፕ፣ ላይ እስከ 10 ምኞት (ልጁ የሚያመለክትበት ትምህርት) ይመዘገባል፣ የማመልከቻው ጽሑፍ ከ1,500 ፊደል አያልፍም። የምዝገባው በር የሚዘጋው በማርች አጋማሽ፣ በእኛ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ዶሴ ማሟያና ምኞት ማረጋገጫው ኤፕሪል መግቢያ ላይ። ያልተረጋገጠ ምኞት ይሰረዛል! ልጆቹ ግድ የማይሰጡት «እንቅስቃሴዎችና ዝንባሌዎች» የሚለው ክፍል ላይ ጋሼ ሙሉ ከሰዓት ተቀመጡ። «ስፖርት እወዳለሁ» የሚለውን ሰረዙ። ምን ሠራህ፣ ለስንት ጊዜ፣ ለማን? ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ የሰፈር ልጆችን ሲያስጠና የኖረ ልጅ ይህ «እንቅስቃሴ» መሆኑን አያውቅም ነበር። የፈረንሳይ ዜግነት ለሌላቸው የተርሚናል ተማሪዎች የሚሰጠውንና እስከ 5 ዓመት የሚዘልቀውን «ኤክሴላንስ-ማዦር» የነፃ ትምህርት ዕድልም ያስታወሱን እሳቸው ናቸው፤ ማመልከቻው በትምህርት ቤቱ በኩል ስለሚሄድ ተርሚናል እንደተጀመረ ሂዳችሁ ጠይቁ።

ለጋሼ የሚሄድ ልጅ የተጻፈ ጽሑፍ ይዞ አይሂድ፣ ኪሳቸው ይገባል። ባዶ ደብተር፣ የስፔሲያሊቴዎቹን ደብተሮችና የተሞላ ስልክ ይያዝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ከስድስት ልጅ በላይ አይቀበሉም፣ ክፍያ በየቀኑ ነው፤ ቅድሚያ ገንዘብ ስንሰጣቸው መልሰውልናል። ጥያቄዎቹ እስኪፈረሙና ማህተም እስኪያገኙ ጊዜ ስለሚወስዱ ከገና በኋላ ሳይሆን ከመስከረም ጀምሩ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እሳቸውን አስፈቅደን እንሰጣችኋለን።