ዲኤክሷን ይዤ ከጋራዥ ጋራዥ

ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ አምስት ሳምንት ቆየሁ። ቨርጂኒያ ስመለስ ጓደኞቼ የጠየቁኝ ስለ ሆቴል፣ ስለ ስፓና ስለ ክትፎ ቤት ነው። እኔ ግን የእረፍቴን ግማሽ ያሳለፍኩት የአባዬ ዲኤክስ ኮፈን ስር ነው። ስለዚህ የምገመግመው መኪና ገፊዎችን፣ ጋራዦችን፣ አንድ የመለዋወጫ ሱቅና አንድ መካኒክ ነው።

መጀመሪያ መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። ቶዮታ ኮሮላ ናት፣ በፈረንጆቹ የ1982 ሞዴል። ሞተሯ 4ኬ፣ 1,290 ሲሲ፣ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅል ካርቡሬተር የሚሠራ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ትምህርት ቤት ያመላለሰችኝ እሷ ናት። ሽጣት ብንለው አባዬ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፦ "እናንተ ሄዳችሁ፣ እሷ ቀረች።"

ችግሯ ሚኒሞ አለመያዝ ነው፤ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥላት ሞተሯ ዝግ ብሎ መዞር አይችልም። ጠዋት ትነሳለች፣ ግን ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። ነዳጅ ሲሰጧት ትስተካከላለች። እግር ሲነሳላት ያስነጥሳትና ትጠፋለች። አባዬ ሌላም ስሞታ ነበረው። በመጣሁ በሁለተኛው ቀን "ፍሬኑም ከብዶኛል" አለኝ። ዕድሜው 79 ነው። "ጉልበትህ ይሆናላ አባዬ" አልኩት። ወንድሜም ሳቀ። ነገሩ በዚያው አለፈ።

መኪና ገፊዎቹ። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ስወጣ ሞተሩ ቀጥ አለ። የት መሰላችሁ? አሜሪካን ኤምባሲ አካባቢ። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ መጥቼ እዚያው ልቆም! ወዲያው አምስት ልጆች ከየት መጡ ሳልል ከበቡኝ። መኪናዋን አዙረው ቁልቁል ገፏት። በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ተነሳች። 300 ብር ሰጠኋቸው። ቀጠሮ የለ፣ ወረፋ የለ፣ "ሲስተም የለም" የለ። ከአምስት ሳምንቱ ሁሉ ፈጣኑ አገልግሎት ይህ ነበር። ስወርድ ፍሬኑ ድንጋይ ሆኖብኝ ነበር፤ ሞተር ሲጠፋ ይደርቃል ብዬ አለፍኩት። ሞተሩ ከተነሳም በኋላ እንደደረቀ መቅረቱን ግን ልብ አላልኩም።

የሰፈሩ ጋራዥ። በማግስቱ ወሰድኳት። ልጁ ካቻቢቴ አውጥቶ የሚኒሞውን ብሎን አዞረ፣ ድምጿ ከፍ አለ፣ "በቃ፣ አለቀ" አለኝ። 500 ብር። ሁለት ቀን ሠራች። በሦስተኛው ቀን መንቀጥቀጡ ተመለሰ፣ ነዳጅ መጥጣት ተጨመረበት። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ትኩሳት ያለበትን ሰው ብርድ ልብስ ደርቦ ማስተኛት ነው።

ትልቁ ጋራዥ። ስሙን አልጠራም። ወለሉ ያበራል፣ ቡና ይቀርባል፣ ዋይፋይ አለ። ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት መመርመሪያ ማሽን ይዞ መጣ። ከመሪው ስር አጎንብሶ ማሽኑን የሚሰካበት ቦታ አሥር ደቂቃ ፈለገ። አሜሪካ እንኳ መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት መሰኪያ እንዲኖራቸው የተደረገው ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ነው። ዲኤክሷ ላይ ከየት ይምጣ? ይህን ስነግረው ቀና ብሎ መልሱን ለወንድሜ ነገረው። ከፋዩ እኔ፣ መኪናውን ያመጣሁት እኔ፣ ጠያቂው እኔ፤ መልሱ ለወንድሜ። ወንድሜ ደግሞ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም።

በኋላ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈተው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቁት፣ ለኩ። አራቱም ሲሊንደር ተቀራራቢ ቁጥር ሰጠ። "መጽሐፉ ከሚለው በጣም ያንሳል" ተባልን። "የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) አልቋል፣ ሞተር መውረድ አለበት።" ግምቱ 185,000 ብር። ለምርመራው 3,500 ከፍለን ወጣን። ቡናው ጥሩ ነበር።

የመለዋወጫው ሱቅ። ሞተር ከማውረዴ በፊት ካንዴላ ልቀይርላት ብዬ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሶማሌ ተራን እወዳታለሁ። ለ40 ዓመት መኪና ዕቃ ይገኛል ብሎ የሚያምን ሰው ያለው እዚያ ነው። እኔ የገባሁበት ሱቅ ግን ሸወደኝ። ማሸጊያው የጃፓን፣ ዋጋውም የጃፓን። ቤት ስደርስ ነጩ ሸክላ ላይ ያለው ጽሑፍ በአውራ ጣቴ ሲታሽ ለቀቀ። የብልጭታው ክፍተት 0.8 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው አራቱም የየራሳቸው ክፍተት ነበራቸው። አንዱ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ስመልሰው "ከሱቅ የወጣ ዕቃ አይመለስም እህቴ" አለኝ። ካንዴላ ስትገዙ እዚያው ባንኮኒው ላይ ፍቁት። ነጋዴው ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሰው ልምጣ። አባዬ በደህናው ዘመን የሚያውቃቸው መካኒክ አሉ፤ ጡረታ ወጥተው አሁን ቤት ለቤት ይሠራሉ። ሐሙስ በአራት ሰዓት ሊመጡ ተቀጣጠርን። የመጡት እሑድ ማታ ነው። ለዚህ ነጥብ እቀንስባቸዋለሁ፤ ሐሙስ ሙሉ ቀን ከግቢ ሳልወጣ ነው የጠበቅኳቸው። ሲደርሱ ደግሞ መብራት ጠፋ። "በቃ ለነገ ይሁን" አልኩ ተስፋ ቆርጬ።

"እንዲያውም ጥሩ ሆነ" አሉ። "አስነሺያትና ኮፈኑን ክፈቺ። ባትሪ እንዳታበሪ።"

አስነሳኋት። ጨለማው ውስጥ የሦስተኛው ካንዴላ ገመድ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ይሮጣል። ገመዱ ተሰነጣጥቆ ኤሌክትሪኩ ወደ ካንዴላው ከመድረሱ በፊት ወደ ብረቱ ይዘላል። ቀን ቢሆን ማንም አያየውም። ትልቁ ጋራዥ ይህን በነፃ ሊያየው ይችል ነበር፤ መብራት ማጥፋት ብቻ ነው። ገመዶቹን በማግስቱ ቀየርናቸው። ከመንቀላቸው በፊት በፕላስተር ቁጥር አስለጠፉኝ፤ የማቀጣጠያው ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው፣ ከተዛነፈ መኪናዋ ጭራሽ አትነሳም። ተሻላት። ሚኒሞ ግን አሁንም አልያዘችም።

የኮምፕሬሽኑን ወረቀት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ሳቁ።

"ልጄ፣ ይሄ መጽሐፍ የተጻፈው ለባሕር ዳር ነው።"

ግራ ገባኝ። ምን ባሕር ዳር አመጣው?

"የጣናውን አይደለም" አሉ። "የባሕሩን ዳር።"

ነገሩ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሽሮ ሜዳ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ የሚያምቀው የሚያገኘውን አየር ነው፤ ስለዚህ ጤነኛ ሞተርም ቢሆን ቁጥሩ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ፍርሃት የሚገባው አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ተለይቶ ሲወርድ ነው። የእኛ አራቱም እኩል ናቸው። 185,000 ብር በከፍታ ምክንያት ሊበላ ነበር!

ቀጥለው ካንዴላ ነቅለው ወደ ፀሐይ አዞሩት። ጫፉ ነጣ ብሏል። "እዚህ ከፍታ ላይ እኮ መጥቆር ነበረበት" አሉ ለራሳቸው። አየሩ ስስ ስለሆነ ያላስተካከሉት ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይይዛል። ይሄኛው ግን የነጣው ትርፍ አየር ስለሚያገኝ ነው። ከየት? ውሃ በጠርሙስ ይዘው ካርቡሬተሩ ስር ጠብ ጠብ አደረጉ። ሞተሩ ምንም አላለም፤ አየሩ የሚገባው በዚያ አይደለም ማለት ነው። (ቤንዚን የሚረጩ አሉ። ትኩስ ሞተር ላይ እንዳትሞክሩት። መኪና አስነስታችሁ የምትፈትሹም ከሆነ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሁን፤ ጭሱ ይገድላል።)

ከዚያ በረንዳ ላይ ጋቢውን ለብሶ ወደተቀመጠው አባዬ ዞሩ።

"ጋሼ፣ ፍሬኑስ እንዴት ነው?"

አባዬ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ቀጥሎ ወንድሜን። "ስድስት ወር ሙሉ ከብዶኛል እላለሁ" አለ።

መካኒኩ መልስ አልሰጡም። እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደዱ፣ ከሞተሩ ወደ ፍሬን ሰርቮው የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ይዘው አጠፉት። መንቀጥቀጡ በአንዴ ቆመ። በጸጥታው የጎረቤት ሬዲዮ ተሰማ። ለቀቁት፣ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። አጠፉት፣ ቆመ። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፤ እኔ እንድረዳው ይሁን ደስ ብሏቸው፣ አላውቅም።

ፍሬኑን የሚያቀልለው ሰርቮ የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው መሳብ ነው። ቱቦው በሚያስረው ፋሼታ ስር ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ትርፍ አየር ይገባል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ሰርቮውም ኃይሉን ያጣል፣ ፍሬኑ ይከብዳል። ሁለቱ ስሞታዎች አንድ በሽታ ነበሩ። እኛ አንዱን ለመኪናዋ፣ ሌላውን ለዕድሜው ሰጠናቸው።

አዲሱን ቱቦ ከሶማሌ ተራ፣ ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። የውሃ ጎማ እንዳላመጣ አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ መሳቡ ያጣብቀዋል፣ ግድግዳው ጠንካራ መሆን አለበት። የሰፈሩ ጋራዥ ልጅ ያሾረውን የሚኒሞ ብሎን መካኒኩ ወደ ቦታው መለሱት። የሠሩበትን 1,500 ብር አልቀበልም ብለው፣ አባዬ "በሞቴ" ብሎ ነው የተቀበሉት።

በማግስቱ አባዬ ራሱ ነዳ። እኔ ጋቢና፣ ወንድሜ ከኋላ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን እንደለመደው ባለ በሌለ ጉልበቱ ረገጠው። እኔ እጄን ዳሽቦርዱ ላይ ጣልኩ፣ የወንድሜ ግንባር ከእኔ ወንበር ጋር ተላተመ።

አባዬ በስፖኪዮ አየውና "ይሄስ የማን ጉልበት ነው?" አለ።