የማሊቡው ድግስና የኒና ሸክም

በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው የቴይለር ጄንኪንስ ሪድ ልብ ወለድ «ማሊቡ ራይዚንግ» በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ፣ በነሐሴ 1983፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሥቶ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይቆማል። ኒና ሪቫ በየዓመቱ የምትደግሰው ትልቅ ግብዣ የሚውለው በዚያ ቀን ነው፤ ቤቷ ሳይነጋ በእሳት እንደሚጋይም ደራሲዋ ገና ከመግቢያው ትነግረናለች። እኛ ዘንድ ነሐሴ የጭቃና የጃንጥላ ወር በመሆኑ፣ ስለ ደረቅ ነፋስና ስለ ሞቀ አሸዋ የሚያወሩት ገጾች መጀመሪያ ላይ ባዕድ ሆነውብኝ ነበር። ሆኖም ባሕሩና ማዕበሉ በጥሩ ሁኔታ ስለተሣሉ ብዙ ሳልቆይ ለመድኳቸው።

መጽሐፉን እንድወደው ያደረገኝ የመጀመሪያው አጋማሽ ነው። ትረካው ከድግሱ ዝግጅት እየወጣ ወደ 1950ዎቹ ይመለስና የኒናንና የሦስት ታናናሾቿን እናት፣ ጁንን ያስተዋውቀናል። ወላጆቿ የባሕር ምግብ የሚሸጥ ምግብ ቤት ያላቸው ይህች ሴት፣ ሚክ ሪቫ የተባለ ዘፋኝ አግብታ፣ እርሱ ዝነኛ ከሆነ በኋላ ሁለት ጊዜ ትቷት ይሄዳል። አንዲት ሴት ከሚክ የወለደችውን ሕፃን ይዛ በጁን ደጃፍ የምትቆምበት ምዕራፍ ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥብኛል። ጁን በባሏ ክህደት እየተቃጠለች ሕፃኑን ትቀበላለች፤ ሀድ የተባለው ይህ ሕፃንም ከራሷ ልጅ ከጄይ ጋር እኩል ያድጋል፤ የእንጀራ ልጅ የሚለው ስም በዚያ ቤት ውስጥ ቦታ አያገኝም። ጁን በመጠጥ ተሸንፋ ስትሞት ደግሞ የበኩር ልጇ ኒና ትምህርቷን አቋርጣ ምግብ ቤቱን ትረከባለች፤ ታናናሾቿንም ታሳድጋለች። በኋላም የምታፍርበትን የዋና ልብስ ሞዴልነት ለእነርሱ ስትል ትሠራለች። እናት የሞተችበት ቤት ውስጥ ታላቅ እኅት የሆነች ሴት ሁሉ ኒናን ከየትኛውም ተቺ በተሻለ ትረዳታለች ብዬ አምናለሁ።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ምሽት 1 ሰዓት ላይ፣ እንግዶቹ ሲገቡ ነው። ደራሲዋ ለጥቂት ገጾች ብቻ ወደምናያቸው ተዋንያንና ታዋቂ ሰዎች ልብ እየዘለቀች፣ መጠጡን፣ ኮኬይኑንና ጠቡን በየተራ ስትዘረዝር፣ ያሳሰበኝ ቤተሰብ ከሕዝቡ መሐል ይጠፋብኛል። ሀድ የወንድሙን የቀድሞ ፍቅረኛ መውደዱ ለብቻው አንድ መጽሐፍ የሚሞላ ጉዳይ ሆኖ ሳለ በጥድፊያ ይታለፋል። የመጨረሻዋ ልጅ ኪት ስለ ራሷ የምትደርስበት እውነትም እንዲሁ ተጣድፎብኛል።

አባትዬው ከዓመታት በኋላ መጥቶ ከአራቱ ልጆቹ ጋር በባሕሩ ዳር የሚነጋገርበት ሌሊት መልካም ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ሁሉም የልቡን ቁስል አስቀድሞ እንዳጠናው አድርጎ ይናገራል፤ ይህን ያህል ዘመን የተዳፈነ ሐዘን እንዲህ ተስተካክሎ አይወጣም። እዚያ ጋ ኒና ዝም ብላ ብትቀመጥ ኖሮ የበለጠ እሰማት ነበር።

እሳቱ ግን በቀላሉ የሚታለፍ የልብ ወለድ ብልሃት አይደለም፤ በጥር 2025 በማሊቡ ባሕር ዳር ብዙ ቤቶች በእውነተኛ ሰደድ እሳት ወድመዋልና መግቢያውን ከዚያ በኋላ ላነበበው ይከብዳል። እንግሊዝኛው ቀላል ስለሆነ በሁለት ቀን ይነበባል። እኔ ግን የጁንንና የምግብ ቤቱን ምዕራፎች ሁለተኛ ጊዜ አንብቤአቸዋለሁ፤ ወደ ድግሱ አልተመለስኩም።