ለ«ሎስለስ» ሙዚቃ የዓመት ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ «ሎስለስ» (ከድምፁ ምንም ሳይቀነስ የተቀመጠ ሙዚቃ)፣ «ስቱዲዮ ውስጥ እንደተቀዳው» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ የሙዚቃ ስትሪሚንግ የዓመት ክፍያ በአንዴ ልትከፍሉ ከሆነ ትንሽ ታገሱኝ። እኔ ከፍያለሁ። ወደ 200 ዶላር ወጣብኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ስህተቴ ገባኝ። ገንዘቤን መልሱልኝ ብል «የዓመት ክፍያ አይመለስም» አሉኝ።

ፋይሉ በእርግጥ የሲዲ ጥራት አለው። ከዚያ በላይ የሆነም አለ። ችግሩ ያ ድምፅ ጆሮዬ ድረስ አለመምጣቱ ነው። እኔ ሙዚቃ የምሰማው ባቡር ላይና ኩሽና ውስጥ፣ በብሉቱዝ ማዳመጫ ነው። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1411 ኪሎቢት ነው። ብሉቱዝ ደግሞ በአብዛኛው የድምፁን መረጃ ቀንሶ ነው የሚያሳልፈው። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው ኤልዳክ የሚባለው የተሻለ የብሉቱዝ ድምፅ ማስተላለፊያ ዘዴ እንኳ ጣሪያው 990 ኪሎቢት ነው። አፕል ራሱ በብሉቱዝ የሚሄድ ድምፅ ሎስለስ እንዳልሆነ ጽፏል። ስልኬ «ሎስለስ» እያለኝ የምሰማው የተቀነሰውን ነበር ማለት ነው። «ሃይ-ሬዝ» የሚሉት ከፍተኛው ደረጃማ፣ አይፎን ላይ ድምፁ በሰከንድ የሚለካበት ብዛት ከ48 ኪሎኸርዝ ካለፈ ዳክ የሚባል ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይር፣ ለብቻው የሚገዛ ዕቃ ይፈልጋል።

ዳታም ይበላል። በአፕል ስሌት የ3 ደቂቃ ዘፈን በተለመደው ጥራት 6 ሜጋባይት ነው። በሎስለስ 36፣ በሃይ-ሬዝ 145 ይደርሳል። አገር ቤት ለእረፍት ሄጄ ቅንብሩን መቀየር ረስቼ የገዛሁት ጥቅል በአንድ ከሰዓት አለቀ።

ከሁሉም ያሳዘነኝ ግን የዘፈኖቹ ጉዳይ ነው። የምወዳቸውን 20 የአማርኛ አልበሞች ጽፌ ፈለግሁ። 7ቱን ብቻ አገኘሁ። የቀሩት ዩቲዩብ ላይ አሉ፣ በነፃ። ፍለጋውም አድካሚ ነው። የጥላሁን ገሠሠ ስም በላቲን ፊደል አንድ ቦታ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ ሌላ ቦታ በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ገብቷል። አንዱን ስታገኙ ሌላው ያመልጣችኋል። ከተገኙት ውስጥም ከካሴት የተቀዱ አሉ፤ «ሽሽሽ» የሚለው የካሴት ድምፅ ይሰማል። ፋይሉ የቱንም ያህል ቢተልቅ ካሴቱ ላይ ያልነበረውን የክራር ጥራት ከየት ያመጣል? እኔ የከፈልኩት እናቴ የምትወዳቸውን ዘፈኖች አጥርቼ ላሰማት ነበር። ልዩነቱን እሷም አልሰማችም፣ እኔም አልሰማሁም።

ደግሞ ለጥራት ተጨማሪ መክፈል ራሱ እየቀረ ነው። አፕልና አማዞን በ2021 ያለ ጭማሪ አደረጉት። ታይዳል የሚባለው የሙዚቃ አገልግሎት በ2024 ሁለቱን የጥራት ደረጃ አንድ አድርጎ የከፍተኛውን ዋጋ አወረደ። ስፖቲፋይም በ2025 ለፕሪሚየም ደንበኞቹ በዚያው ዋጋ ጀመረ። ዛሬ «ለከፍተኛ ጥራት ትንሽ ጨምሩ» የሚላችሁ ካለ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ቤታችሁ ጥሩ ስፒከር በሽቦ የተሰካ ከሆነ፣ ጃዝ ወይም ክላሲካል የምታዘወትሩ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ የፈረንሳዩ የሙዚቃ አገልግሎት ቆቡዝ መሞከር ይገባዋል፤ አልበሙን ገዝታችሁ ማውረድም ትችላላችሁ።

ሌሎቻችሁ ግን መጀመሪያ የነፃ ሙከራውን ወር ውሰዱ። ካርዳችሁን ያስገባችሁ ቀን የማብቂያውን ቀን ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ አድርጉት። የራሳችሁን የአልበም ዝርዝር ፈልጉ፤ ሁልጊዜ በምትጠቀሙበት ማዳመጫ ስሙ። አንድ ዘፈን በሁለቱ ጥራት ሰው እየቀያየረ ያሰማችሁ፣ እናንተ ስልኩን አትዩ። የድምፁ ከፍታ እኩል ይሁን፤ ትንሽ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ለይታችሁ ካላወቃችሁ ወርሃዊው ክፍያ ይበቃችኋል።

የእኔ በመጋቢት ያልቃል። ራሱን እንዳያድስ ከአሁኑ አጥፍቼዋለሁ።