ጎንደር ላይ ወፍ ማየት ለምትፈልጉ፦ ይህን ልጅ ፈልጉት

ይህን የወፍ አስጎብኚ ልጅ በአደባባይ ሳላመሰግነው ብቀር ህሊናዬ አያርፍም።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሳይንስ ያስተማረ ሰው ነው። አሁን ጡረተኛ ነው፣ የምንኖረውም አዘዞ ነው። ምኞቱ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማትገኘውን፣ ፈረንጆቹ አቢሲኒያን ካትበርድ የሚሏትን ወፍ በዓይኑ ማየት ነበር። ድምጿን በወጣትነቱ ሰሜን ተራሮች ላይ ሰምቶት ከልቡ አልወጣም። እሷ ግን ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆና ትዘምራለች እንጂ እንደዋዛ ብቅ አትልም።

ከዚህ በፊት የደረሰብንን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ስም አልጠራም። አንዱ አስጎብኚ ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሎ ጭላዳ አሳየንና «ወፏ ዛሬ የለችም» ብሎ መለሰን። ሌላው ቁጥቋጦው ላይ ድንጋይ ወረወረ! አባቴ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው «ሽማግሌ ይዛችሁ ለምን መጣችሁ?» ነው ያለን። አባት የለውም እንዴ?

ይሄኛው ልጅ ከመነሳታችን በፊት የመንገዱን ሁኔታ አጣራ፤ ደባርቅ ላይ የሰሜን ተራሮች ፓርክን ክፍያም፣ አብሮን የሚሄደውን የፓርክ ጠባቂ (ስካውት) ጉዳይም ራሱ ጨረሰልን። ፓርኩ ውስጥ ያለው የሳንካበር ካምፕ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የራሱን ጋቢ አውልቆ አባቴን አለበሰው። አስታ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጠውና «አባባ፣ እርስዎ አይነሱ፤ እሷ ትምጣ» አለው። ከዚያ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን፣ በእግሮች የሚቆመውን ትልቅ መነጽር እግሮቹን አሳጥሮ፣ አባቴ እንደተቀመጠ ዓይኑ ትክክል አደረገለት። ምኑን እንዳዞረ ምኑን እንዳጠበቀ እኔ አልገባኝም። አባቴ ግን ማጎንበስ እንኳ አላስፈለገውም። ሹፌራችን «እንድትወጣ የተቀዳ ድምጿን በስልክ ክፈትላት» ቢለው «እንቁላል ላይ ብትሆንስ? አልረብሻትም» ብሎ እምቢ አለ። ዝም ብለን ጠበቅን።

መጣች! አመድማ፣ ከጭራዋ ሥር ቀላ ያለች። አባቴ ዓይኑን ከመነጽሩ ሳይነቅል «አየኋት ልጄ፣ አየኋት» እያለ አለቀሰ። ልጁም እንባ አቀረረ።

ወንድሜ፣ እድሜና ጤና ይስጥህ። ያሳደገችህ እናት ትባረክ። ከተስማማንበት ዋጋ በላይ አንድ ብር አልጠየቀንም፤ ጉርሻውን እንኳ በግድ ነው የተቀበለን።

እባካችሁ እሱን ያዙ፣ በተለይ አቅመ ደካማ ወላጅ ይዛችሁ የምትሄዱ። ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ብቻ ጥቂት ቀን ቀደም ብላችሁ ደውሉለት፣ መንገዱን ሳያጣራ አይነሳም።