ሃይብሪድ የጎልፍ ዱላ በደብረ ብርሃን፦ በገና ጉዞዬ ስለ ተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች

ለገና በዓል ከሜሪላንድ ወደ ደብረ ብርሃን ስመጣ የጎልፍ ዱላዎቼን ይዤ ነበር። ሰሜን ሸዋ ለጎልፍ ተብሎ የሚመጣበት አገር አይደለም፤ ሆኖም ከቤተሰቡ ጋር ሰንበት ብሎ የሚቆይ ጎልፍ ተጫዋች ሰፊ ሜዳ፣ ቅን ሰዎችና ለአካባቢው የሚስማሙ ዱላዎች ካገኘ እጁ ሳይቀዘቅዝ ሊመለስ ይችላል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ወደ አገር ቤት ለመምጣት ሲነሡ ቦርሳውን ልያዘው ወይስ ልተወው ብለው ለሚያመነቱ ወገኖቼ ነው። ዋናውን አስተያየቴን አስቀድሜ ልናገር፦ ባለ 3 እና ባለ 4 ቁጥር አይረኖቻችሁን፣ ማለትም ቀጭን የብረት ራስ ያላቸውን ረጃጅም ዱላዎች፣ ቤት አስቀምጡና በምትካቸው ሃይብሪድ፣ ማለትም የአይረንንና የባለ ወፍራም ራሱን ዱላ ጠባይ ያዳቀለውን ዱላ፣ ይዛችሁ ኑ። ምክንያቱን በጉዞው ላይ ካገኘኋቸው አገልግሎቶች ጋር እያያዝኩ አስረዳለሁ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናውን ከነሾፌሩ የተከራየሁት በዘመድ በኩል ሲሆን አገልግሎቱ በሁሉም ረገድ የሚመሰገን ነበር። የጎልፍ ቦርሳ በትንሽ አውቶሞቢል ሻንጣ ማስቀመጫ በአግድም አይገባም፤ ስለዚህ በስልክ ስትስማሙ የኋላ ወንበሩ የሚታጠፍ መኪና መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሾፌሩ ሰው አክባሪ ነው፤ በጭነት መኪና በተጨናነቀው መንገድ ላይ አልቸኮለም፤ ሸኖ ላይም ቅቤ እስክንገዛ በትዕግሥት ጠብቆናል።

ያረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ ንጹሕ ነው። ሙቅ ውኃው ጠዋት ጠዋት ቢዘገይም የታኅሣሥን ብርድ የሚያስረሳ ወፍራም ብርድ ልብስ አለው፤ ባለቤቷም ቦርሳዬን ቁልፍ ባለው ክፍል አስቀምጠው በጠየቅሁ ቁጥር ያለ መሰላቸት ያወጡልኝ ነበር።

ቦርሳው ግን ደብረ ብርሃን የደረሰው ተጎድቶ ነው። በበረራው ላይ በደረሰበት አያያዝ የባለ 4 ቁጥር ሃይብሪዴ ራስ ከሻፍቱ (ከዘንጉ) ላልቶ በእጅ ሲያዙት ይሽከረከር ነበር። ለአየር መንገዱ ያቀረብኩት አቤቱታ ወደ መጣሁበት እስክመለስ ድረስ ምላሽ አላገኘም፤ ዕቃው ሲረከቡት በጥንቃቄ እንዲያዝ ተጽፎበት ስለ ነበር ይህ አሳዝኖኛል። ለእውነቱ ያህል፣ የብረት ሻፍት ያላቸው አይረኖች አንዳች ሳይሆኑ ነው የወጡት። የሃይብሪድ ሻፍት በአብዛኛው ከግራፋይት የሚሠራ በመሆኑ በጉዞ ላይ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ጥገናውን ያገኘሁት ከገበያው አቅራቢያ በርና መስኮት ከሚሠራ የብረታ ብረት ቤት ነው፤ በዚህ ጉዞ ካገኘኋቸው አገልግሎቶች ሁሉ አብልጬ የማመሰግነውም ይህንን ነው። ባለሙያው ጎልፍ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ዱላውን ተቀብሎ ሻፍቱን በጥፍሩ አንኳኳ፤ ድምፁን አዳመጠ፤ ከዚያም «ጋሼ፣ ይኼ ብረት አይደለም፤ ብየዳ አይችልም፤ እሳት ካየ ያልቃል» አለኝ። እኔ ልነግረው ያሰብኩትን እሱ ቀድሞ ነገረኝ። የዱላውን ራስ ቀስ ብሎ ጎትቶ ካወጣ በኋላ በአንገቱ ቀዳዳ ውስጥ የቀረውን አሮጌ ማጣበቂያ የመሰርሰሪያ ምላስ በእጁ እያዞረ ጠርጎ አወጣው። የሻፍቱን ጫፍም ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ያህል ብቻ፣ ከዚያ አንዲት ጣት ሳያልፍ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። ከሁለት ቱቦ የሚቀላቀለውን ኢፖክሲ እኩል እኩል መጥኖ በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ አዋሐደ፤ ሻፍቱን ቀብቶ ከተተው፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የዱላው ራስ ፊት ከእጀታው ምልክት ጋር መግጠሙን ደጋግሞ አየ። ብርድ ማጣበቂያውን እንደሚያዘገይ ስለሚያውቅ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር አስደግፎ «ነገ በዚህ ሰዓት ይምጡ፤ ዛሬ ቢመቱበት ይወልቃል» ብሎ አሰናበተኝ። በማግሥቱ የጠየቀኝ ገንዘብ ከድካሙ ጋር የማይመጣጠን ትንሽ ስለ ነበር ጨምሬ ከፈልኩት። ዱላው ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልላላም።

ልምምዱን ያደረግሁት ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ላይ ነው። ፈቃዱን የጠየቁልኝ የማረፊያው ባለቤት ሲሆኑ ከብቶቻቸውን እዚያ የሚያሰማሩት አባቶች አንድ ነገር ብቻ አሳሰቡኝ፦ ከብቱ ወደ ሜዳው ሲወርድ እንዳቆም። የሜዳው ሣር በታኅሣሥ ደርቆ እየቋጠረ ይቆማል፤ ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ደግሞ ጠንካራ ነው። ኳሱ እንደ ተቆረጠ የጎልፍ ሜዳ ሣሩ ላይ አይቀመጥም፤ በሁለት የሣር ጉጦች መካከል ይሰምጣል። የሃይብሪድን ጥቅም በግልጽ ያየሁትም እዚህ ነው።

ባለ 3 ቁጥር አይረን ራሱ ቀጭን፣ የፊቱም ዝንባሌ ማለትም ሎፍቱ 20 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ዱላ ነው። በእንዲህ ያለ ሣር ላይ ስትመቱበት ሣሩ በአንገቱ ላይ ይጠመጠምና ፊቱን ያዞረዋል፤ ኳሱም ወደ ግራ ይሄዳል። ሣሩን አልፎ ከወረደ ደግሞ ቀጭን ጠርዙ ከጠንካራው መሬት ጋር ይጋጭና ወይ ይቆፍራል፣ ወይ ነጥሮ የኳሱን ወገብ ይመታል። ሃይብሪድ በሎፍት ከዚህ ብዙም አይለይም፤ የሚለየው በዱላው ራስ አሠራር ነው። ታችኛው ክፍሉ ሰፊና ክብ ስለሆነ ሣሩን እያንሸራተተ ያልፋል። ክብደቱም ከፊቱ ወደ ታችና ወደ ኋላ የተቀመጠ ስለሆነ ኳሱ በቀላሉ ይነሣል። ከፊቱ መሐል ትንሽ ፈንጠር ብሎ የተመታ ኳስ እንኳን በአይረን እንደሚሆነው ያህል ርቀት አያጣም።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በ25 በመቶ ገደማ ያንሳል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስበው ርቀቱን ብቻ ነው፤ በእርግጥም ኳሱን የሚይዘው አየር ስለሚሳሳ ምቱ ከባሕር ዳርቻው ከአሥር በመቶ በላይ ሊርቅ ይችላል። ነገር ግን ኳስ አየር ላይ የሚቆየው በሽክርክሪቱ አየሩን እየተደገፈ ነውና ድጋፉም አብሮ ይቀንሳል። ረጅም አይረን በተፈጥሮው ኳሱን ዝቅ አድርጎ የሚያስነሣ ዱላ ነው፤ ብርቱ ፍጥነት ከሌላችሁ ኳሱ ከፍታ ሳያገኝ ቀድሞ ይወርድና በደረቁ መሬት ላይ ወዳላሰባችሁት ቦታ ይንከባለላል። ሃይብሪድ ከመነሻው ከፍ አድርጎ ስለሚልከው ይህን ጉድለት ያካክሳል፤ ሲወርድም ቀጥ ብሎ ስለሚወድቅ ቶሎ ይቆማል። ሜሪላንድ ውስጥ በሁለቱ ዱላዎች መካከል የማየው ልዩነት ደብረ ብርሃን ላይ ይበልጥ ጎልቶ ታይቶኛል።

ኳስ የሚያነሡልኝ የሰፈሩ ልጆች ነበሩ። ሥራቸውን በቁም ነገር የያዙ ናቸው፤ አንዱ ከጎኔ ቆሞ ኳሱ የወደቀበትን በጣቱ ሲጠቁም ሌሎቹ ሮጠው ያነሡታል፤ ሜዳው ላይ የጠፋብኝ ኳስ የለም ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፦ ውርጭ ባረፈበት ሣር ላይ ነጭ ኳስ፣ በደረቀ ሣር ላይ ደግሞ ቢጫ ኳስ ለዓይን ያስቸግራል፤ ብርቱካናማ ይሻላል። ልጆቹ የገና ጨዋታ ተጫዋቾች ስለሆኑ የዱላ ነገር ይገባቸዋል። ከእነሱ በዕድሜ ከፍ የሚለው ሁለቱን ዱላዎች አፈራርቄ ስመታ ዝም ብሎ ሲከታተል ቆይቶ «ጋሼ፣ ያቺ ቀጭኗ ትቆፍራለች፤ ይቺ ወፍራሟ ግን ጠርጋ ታነሣለች» አለኝ። ከዚያ የራሱን የገና ዱላ አሳየኝ፤ ቆልማማው ጫፉ ወፍራምና ከታች የተለሰለሰ ነው፤ ሩሯን (የገናዋን ኳስ) ከሣር ውስጥ ጠርጎ የሚያወጣትም በዚሁ ውፍረቱ ነው። ስለ ሃይብሪድ ከሰማኋቸው ማብራሪያዎች ሁሉ የዚህን ልጅ ያህል አጥርቶ ያስረዳኝ የለም። የልጆቹን ክፍያ አስቀድማችሁ ከወላጆቻቸው ጋር ተስማሙ፤ ከትምህርት ሰዓታቸው ውጭ ብቻ ይሁን፤ ምት በሚመታበት ጊዜም ሁሉም ከኋላችሁ እንዲቆሙ አድርጉ። የጎልፍ ኳስ ሰውን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላልና በዚህ ነገር ላይ ቸልታ አይገባም።

ከአይረን ወደ ሃይብሪድ ለሚሸጋገር ሰው ስለ አመታቱ ጥቂት ልበል። የሃይብሪድ ራስ ቅርጽ «እንጨት» የሚባሉትን ባለ ትልልቅ ራስ ዱላዎች ስለሚመስል ብዙዎች ኳሱን ጠርገው ሊያነሡት ይሞክራሉ። ሃይብሪድ የሚመታው እንደ አይረን ነው፤ ኳሱ ከመሐል ትንሽ ወደ ፊት እግር ቀረብ ብሎ ይቀመጥና ዱላው እየወረደ ኳሱን አስቀድሞ ያገኘዋል። ሻፍቱ በተመሳሳይ ቁጥር ካለው አይረን ጥቂት ስለሚረዝም ሩቅ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትተኩ፤ ሎፍቱን አስተያዩ። ኳስን ወደ ግራ የመጠምዘዝ ዝንባሌም አለው፤ ከድሮውም ኳሱ ወደ ግራ የሚሄድበት ቀኝ እጅ ተጫዋች ፊቱ ወደ ግራ ያላዘነበለ ዓይነት መምረጥ አለበት።

ሃይብሪድ የጀማሪና የሽማግሌ ዱላ ነው የሚል አስተያየት በአገር ቤትም በውጭም እሰማለሁ፤ ይህን በፍጹም አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2009 ደቡብ ኮሪያዊው ያንግ ዮንግ-ኡን በሃዘልታይን ሜዳ ታይገር ዉድስን አሸንፎ የፒጂኤ ሻምፒዮናን ሲወስድ በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ከ200 ያርድ በላይ ርቀት ኳሱን ባንዲራው አጠገብ ያሳረፈው በሃይብሪድ ነው። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ቶድ ሃሚልተን በሮያል ትሩን የብሪታንያን ኦፕን ያሸነፈው በመለያ ጨዋታው የመጨረሻ ቀዳዳ ላይ ከግሪኑ (ቀዳዳው ካለበት አጥብቆ የተቆረጠ ሣር) ውጭ ሆኖ ኳሱን በሃይብሪድ መሬት ለመሬት አንከባልሎ ነበር። ይህችን የሃሚልተንን ምት በደብረ ብርሃኑ ሜዳ ላይ ደጋግሜ ተለማምጃታለሁ፤ እጀታውን ዝቅ አድርጎ ይዞ፣ ኳስ ወደ ቀዳዳ እንደሚገፋ ሰው በአጭሩ ማወዛወዝ ነው። ለደረቅና ጠንካራ መሬት ከዚህ የተሻለ ምት አላገኘሁም።

ረጅም አይረን ጨርሶ ዋጋ የለውም አልልም። ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ነፋስ ሲነሣ ከፍ ብሎ የሚሄደውን የሃይብሪድ ኳስ ነፋሱ ይጫወትበታል፤ ዱላን በኃይልና በፍጥነት ማወዛወዝ የሚችል ሰው ያን ጊዜ በአይረን ዝቅ አድርጎ ቢመታ ይጠቀማል። ሆኖም ሜዳው ከከብቶቹ ቀድሞ የሚገኘው በጠዋት ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ አየሩ ጸጥ ያለ ስለሆነ፣ ለእኔ ይህ ሚዛን አልደፋም። ውርጩ እስኪቀልጥ ጠብቆ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ መጀመር ለእጅም ለዱላም ይበጃል።

የጨዋታው ሕግ እስከ 14 ዱላ ቢፈቅድም ለእንዲህ ያለ ጉዞ ግማሹ ይበቃል። በሚቀጥለው የምይዘው ባለ 4 እና ባለ 5 ቁጥር ሃይብሪድ፣ ባለ 7 እና ባለ 9 ቁጥር አይረን፣ ለአጭር ርቀት ኳስ ከፍ አድርጎ የሚመታ አንድ ዌጅና ኳስ ወደ ቀዳዳ የሚገፋ አንድ ፓተር ነው፤ ቦርሳው ቀለል ይላል፤ የሚሰበረውም ይቀንሳል። ለመልሱ ጉዞ ያው የብረታ ብረት ባለሙያ ከጎረቤቱ የእንጨት ቤት ከረጅሙ ዱላዬ በአንድ ጋት የሚበልጥ ቀጥ ያለ ዘንግ አስቆርጦልኝ ነበር። ዘንጉ በቦርሳው መሐል ሲቆም ከላይ የሚመጣውን ጫና የሚቀበለው እሱ እንጂ የዱላዎቹ ራስ አይሆንም። እያንዳንዱን የሃይብሪድ ራስ በወፍራም የሱፍ ካልሲ ጠቅልዬ፣ ዱላዎቹን በአንገታቸው በኩል አንድ ላይ አስሬ አስረከብኩ፤ ሜሪላንድ ደርሼ ቦርሳውን ስከፍት ሁሉም እንዳሰርኳቸው ነበሩ።