ተንጠልጣዩ የዓይን ማጠቢያ ታንከር በኖራ ፋብሪካ፦ የት ይሠራል፣ የት ያታልላል

በኖራ ፋብሪካ ሰው የሚጎዳበት መንገድ ብዙ ነው። ኮንቬየር (ዕቃ የሚያጓጉዝ ቀበቶ) እጅጌ ይዞ ይጎትታል፣ ከእቶን የወጣ ትኩስ ኖራ እግር ያቃጥላል፣ ብናኙ አፍንጫና ጉሮሮ ይልጣል። ከሁሉም ግን ፋታ የማይሰጠው ዓይን ነው። ጠርሙስም፣ ታንከርም፣ ከቧንቧ የተገጠመውም ዕቃ ሲሸጥ ስሙ አንድ ነው፤ «የዓይን ማጠቢያ»። ኖራ ሲመጣ ግን በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። እዚህ የምንገመግመው በብዛት የሚገዛውን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን አረንጓዴ ወይም ቢጫ የፕላስቲክ ታንከር ነው። የቧንቧ መስመር አይፈልግም፤ እጀታው ወደ ታች ሲሳብ ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል።

ፍርዳችንን ቀድመን እንናገር፦ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ በማይደርስበት ቦታ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን ትልቁ ከተገዛ፣ ከብናኝ ከተጠበቀና በየሳምንቱ ከተፈተሸ ብቻ። ትንሹን ገዝቶ ሰቅሎ መርሳት ግድግዳ ማስጌጥ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምንል ለመረዳት ኖራው ዓይን ውስጥ የሚያደርገውን ማየት ይበቃል። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል። ይህ ውሃ ያልነካው ኖራ የተጠማ ነው። አንድ ኪሎው ውሃውን ሲጠጣ 1.1 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይለቃል፤ ከ3 ሊትር በላይ የቧንቧ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ማለት ነው። ዓይን ውስጥ የገባች ቅንጣትም እንባውን ጠጥታ ትሞቃለች፣ ወደ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድም ትለወጣለች። የዚህ ውህድ ፒኤች (የአሲድና የአልካሊ መለኪያ) 12.4 ገደማ ሲሆን የሕዋሳትን ስብ ወደ ሳሙና እየለወጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ማሸጊያ ክፍል ውስጥ «የእኛ ኖራ ውሃ የጠጣ ስለሆነ አያቃጥልም» የሚል ሰው አይጠፋም። ሙቀቱ ቀርቷል እንጂ ፒኤቹ ያው ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ቅንጣቷ ራሷ ናት። እንደ ፈሳሽ ጠብታ ታጥባ አትሄድም። እንደ ሊጥ ሆና ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ትለጠፍና እዚያ ተደብቃ አልካሊዋን ቀስ እያለች ትለቃለች። ስለዚህ ለኖራ የሚሆን ማጠቢያ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፦ ቶሎ መገኘት፣ ረጅም ጊዜ መፍሰስ፣ የተጎጂውን የዓይን ቆብ የሚገለብጥ ሁለተኛ ሰው የሚቆምበት ቦታ። ሦስተኛውን ሻጭም ገዢም ይረሳዋል። ታንከሩን በሁለት ምሰሶ መካከል ወይም በማሽን ጥግ ወሽቀው ሲሰቅሉት አንድ ሰው እንኳ ጎንበስ ለማለት ይቸገራል።

ከመጠኑ እንጀምር። የአሜሪካው አንሲ ዜድ 358.1 መስፈርት ለዓይን ማጠቢያ ቢያንስ በደቂቃ 1.5 ሊትር፣ ለ15 ደቂቃ ሳይቋረጥ እንዲፈስ ይጠይቃል። ሲባዛ 23 ሊትር ገደማ ይመጣል። ገበያ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ታንከሮች በዚህ ስሌት ልክ የተሠሩ ናቸው፤ ወረቀት ላይ ያልፋሉ። ለአልካሊ ግን 15 ደቂቃ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ኖራ የገባበት ዓይን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ የፒኤች ወረቀት ወደ 7 ገደማ እስኪመለስ ድረስ ይታጠባል። 60 ሊትር የሚይዘው ታንከር በዚያው ፍሰት 40 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ልዩነቱ ይህ ነው፣ የምንመርጠውም እሱን ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሊጎዳ በሚችልበት ቦታ ደግሞ አንድ ታንከር አይበቃም፤ ለምሳሌ ኖራ በአየር ግፊት ወደ ሳይሎ (ረጅሙ ማከማቻ ጎተራ) ሲራገፍ ጎማው ከመጋጠሚያው ቢወልቅ ሾፌሩም አራጋፊውም አብረው ይመታሉ።

በውሃ ክብደት የሚሠራ ዕቃ ሁሉ አንድ የጋራ ድክመት አለው፤ ውሃው በቀነሰ ቁጥር ግፊቱም ይቀንሳል። ጥሩው ሞዴል ታንከሩን ውሃ ከሚወጣባቸው አፍንጫዎቹ በደንብ ከፍ አድርጎ ስለሚያስቀምጠው ልዩነቱ ብዙ አይታይም። መጥፎው ሲከፈት ያማረ ፏፏቴ ያሳይና ከ10 ደቂቃ በኋላ ይንጠባጠባል፤ ተጎጂው ዓይኑን ከፕላስቲኩ ጋር ካላጣበቀ ውሃው አይደርሰውም። ይህን በካታሎግ ማወቅ አይቻልም፣ በባልዲ ግን ይቻላል። ታንከሩን ሞልቶ መክፈት፣ የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ውሃ በሊትር መለኪያ መያዝ፣ ሳይዘጉ ቆይቶ ከ14ኛው እስከ 15ኛው ደቂቃ ያለውን ደግሞ መያዝ። ሁለቱም ከ1.5 ሊትር በታች መሆን የለባቸውም። የግራና የቀኙ ጅረት ከፍታም እኩል ይሁን። አንዱ ካነሰ ወይ አፍንጫው ተደፍኗል፣ ወይ ታንከሩ ዘሟል።

ስለ መስቀያው ብዙ አይባልም፤ 60 ሊትር ውሃ 60 ኪሎ ነው፣ የታንከሩ ክብደት ሲጨመር ከዚያ ያልፋል። ቆርቆሮ ግድግዳ አይችለውም። በኮንክሪት ላይ በብሎን፣ ካልሆነም በራሱ የብረት መቆሚያ። አፍንጫዎቹ ከወለል ከ84 እስከ 135 ሴንቲሜትር፣ ከግድግዳ ደግሞ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይራቁ።

ታንከሩ በኖራ ፋብሪካ ውስጥ በእርግጥ የሚሸነፈው በብናኙ ነው፤ ለሌላ ሥራ የተጻፈ ግምገማ ይህን አይነግርዎትም። አፍንጫው ላይ የቀረች እርጥበት ብናኙን ትይዛለች። ኖራው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስብና ተመልሶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ግንበኛ የሚፈልገው ይኸው ጠባይ ማጠቢያው ላይ ሲመጣ ቀዳዳ የሚደፍን ቅርፊት ነው። እጀታው የሚዞርበት ማጠፊያም እንዲሁ ይጋገራል፤ በአንድ ጣት ሲወርድ የነበረው በሁለት እጅ መጎተት ይጀምራል። መስፈርቱ ቫልቩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ እንዲከፈትና ያለ እጅ ተከፍቶ እንዲቆይ ያዛል፤ ሁለቱ እጆች ዓይን ለመክፈት ይፈለጋሉና። ስለዚህ ስንገዛ መጀመሪያ የምናየው ክዳኑን ነው። እጀታው ሲወርድ አብሮ የሚከፈት፣ አፍንጫዎቹን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ክዳን ያለው ይመረጣል። በክር የተንጠለጠለች ትንሽ ቆብ ከሁለት ሦስት ሙከራ በኋላ ትጠፋለች። ቅርፊቱ ከጀመረ አፍንጫውን ነቅሎ ኮምጣጤ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብና መመለስ ነው። ኮምጣጤው ለፕላስቲኩ ነው፤ ዓይን ውስጥ ኮምጣጤም ሎሚም አይገባም።

ውሃው ራሱ ያረጃል። የቆመ ውሃ አልጌና ባክቴሪያ ያፈራል፤ በተጎዳ ኮርኒያ (የዓይን የፊት ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) ላይ አካንትአሜባን የመሰለ ተሕዋስ መርጨት ደግሞ በቁስል ላይ ሌላ በሽታ መጨመር ነው። ብርሃን የማያሳልፍ ታንከር አልጌውን ያዘገየዋል። አምራቹ የሚሸጠው ማቆያ ፈሳሽ ከተጨመረበት ውሃው እንደ መመሪያው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይቆያል፤ ያለዚያ በየሳምንቱ ይቀየራል። የሚሞላው የሚጠጣ ውሃ ብቻ ነው። ኖራ ውሃ ከሚጠጣበት ማሽን ተመልሶ የሚዞረው ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም አልካሊ ነው፤ ከዚያ መስመር ታንከር መሙላት በራሱ ጉዳት ያደርሳል።

ሙቀትም አለ። ውሃው ከ16 እስከ 38 ዲግሪ መካከል መሆን አለበት። ከእቶኑ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ታንከር ይህን በቀላሉ ያልፋል። ሰው ደግሞ በሚያቃጥል ወይም በሚያንቀጠቅጥ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ አይቆይም፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሸሻል። ከእቶኑ ራቅ ብሎ ግን ከአደጋው ቦታ በ10 ሰከንድ የሚደረስበት ጥላ መፈለግ ያስፈልጋል። 10 ሰከንዱ ዓይኑን ለጨፈነ ሰው ነው፤ ደረጃ፣ በር፣ የኮንቬየር መሻገሪያ መካከል ካለ ርቀቱ በሜትር ቢያጥርም አይቆጠርም። ታንከሩ ሥር ያለው ወለል ደግሞ ከኖራ ክምር ይጽዳ፤ የሚፈሰው ውሃ ውሃ ያልነካው ኖራ ላይ ካረፈ ተጎጂው የቆመበት ቦታ ይፈላል።

ከተፎካካሪዎቹ ጋር ሲተያይ? ጠርሙሱ ቀላል፣ የታሸገ፣ ንጹሕ ነው። ነገር ግን አንድ ሊትሩ በሚፈለገው ፍሰት 40 ሰከንድ ነው፣ አንድ እጅም ይይዛል። መስፈርቱም ረዳት እንጂ ዋና ማጠቢያ አድርጎ አይቀበለውም። ቦታው የሠራተኛው ወገብና የሳይሎው አናት ነው፤ እያጠቡ ወደ ታንከሩ ለመሄድ። ጠርሙስ ሲገዛ ጽሑፉን ማንበብ ይገባል። ፎስፌት ያለበትን ማጠቢያ ለኖራ አንመርጠውም፤ ካልሲየምና ፎስፌት ሲገናኙ በተጎዳ ኮርኒያ ላይ የማይሟሟ ነጭ ክምችት ሊፈጥሩ ይችላሉ። በእጅ ያለው እሱ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ፍለጋ ጊዜ ከማጥፋት እሱኑ መጠቀም ይሻላል።

ከቧንቧ የተገጠመው የዓይንና የፊት ማጠቢያ በደቂቃ 11.4 ሊትር፣ ሻወሩ 75.7 ሊትር ይሰጣል፤ ውሃውም አያልቅም። የሚጠጣ ውሃ መስመር ካለ ክርክር የለውም፣ እሱ ይበልጣል። የኖራ ብናኝ ፊትና አንገትንም ስለሚሸፍን የፊት ማጠቢያው ስፋት ይጠቅማል። የሚከሽፈው በሌላ ነው፦ ለጥገና የተዘጋ ዋና ቫልቭ ሳይከፈት ይረሳል፣ ወይም ኖራ የሚያጠጣው ማሽን ከዚያው መስመር ሲስብ ግፊቱ ይወድቃል። ስለዚህ ፍተሻው ማሽኑ እየሠራ ሳለ ይደረግ።

ማጠቢያ የመነጽር ምትክ አይደለም። ጎን ብቻ የተከለለ መነጽር ለኖራ ብናኝ አይበቃም፤ ፊት ላይ የሚገጥም፣ አየር የሚያስገባበት ቀዳዳ በቀጥታ ያልተከፈተ፣ በአውሮፓው ኢኤን 166 ምልክት ፍሬሙ ላይ ቢያንስ 4 የተጻፈበት፣ ለረቂቁ ብናኝ 5 የሆነ ይፈለጋል። መስታወቱ ላይ «ኤን» የምትለው ፊደል ጉም የማይዘው ማለት ናት። ይህች ፊደል ትንሽ ትመስላለች፤ ሠራተኛው መነጽሩን ከፍ አድርጎ በጓንቱ የሚጠርገው ግን ጉም ሲይዘው ነው፣ ኖራውም የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

አጠቃቀሙ ታንከሩ አጠገብ በትልቁ ይለጠፍ። ውሃውን ወዲያው መክፈት፤ ኮንታክት ሌንስ ካለ እያጠቡ ማውጣት እንጂ እሱን እስኪያወጡ አለመጠበቅ። ረዳቱ በንጹሕ ጓንት የላይኛውን ቆብ ይገልብጥ፣ የሚታይ ቅንጣት ካለ በረጠበ የጥጥ ዘንግ ቀስ ብሎ ይጥረግ፣ ማጠቡን ግን አያቋርጥ። ቆዳና ልብስ ላይ ያለ ደረቅ ኖራ መጀመሪያ በብሩሽ ይራገፍና ከዚያ በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ ዓይን ግን ማራገፍ የለውም፣ ቀጥታ ውሃ ነው። «ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ታዲያ ለምን ውሃ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ዓይን ቀድሞውኑ እርጥብ ነው፤ የሚያፈላው ትንሽ ውሃ ነው፣ ብዙው ሙቀቱንም ኖራውንም ይዞ ይሄዳል። እርጥብ ጨርቅ መጫን ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ውሃው ጥቂት፣ ኖራው እዚያው። ሕመሙ ቢቀንስም ከታጠበ በኋላ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ግድ ነው፤ በመንገድም በጠርሙሱ ማጠቡ ይቀጥላል።

ሲገዙ ከታንከሩ ጋር አብረው የሚጠይቁት፦ መለዋወጫ አፍንጫና ጎሚኒ፣ ማቆያ ፈሳሽ፣ ውሃ የተቀየረበት ቀን የሚጻፍበት ካርድ፣ እና ውሃውን ከሥር ሙልጭ አድርጎ የሚያወጣ ማፍሰሻ። የመጨረሻው የሌላቸው ሞዴሎች አሉ። 60 ኪሎ ታንከር አውርዶ መገልበጥ የሚጠይቅ ዕቃ ውሃው አይቀየርለትም፣ እሱን አይግዙ።